ሜዳ ቴኒስ ሳይጣሉ ተጫውቶ ለመጨረስ፦ ከመስመር ማስመር እስከ ታይብሬክ

ራኬት ይዞ ሜዳ የወጣ ጀማሪ ሁለት ቦታ ላይ ነው ሚሰናከለው። አንደኛ ሜዳው ጠማማ ሆኖ ይሰመራል፣ ሁለተኛ ሶስተኛው ጌም (ነጥብ ተሰብስቦ የሚሞላው የጨዋታው ክፍል) ላይ ሲደረስ ቆጠራው ይጠፋና "40 ነኝ" "ኧረ 30 ነህ" ተባብለው ጨዋታው ይበተናል። ባህር ዳርም ሆነ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ ችግሩ ያው ነው። እዚህ ላይ ፎርሃንድ (ራኬት በያዘው እጅ በኩል የሚመታው ምት) እንዴት ይመታል ሚለውን አላወራም፣ እሱ በመጫወት ይመጣል። ሜዳ አስምራችሁ፣ መረብ ወጥራችሁ፣ በህጉ ቆጥራችሁ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው እንድትደርሱ ብቻ ነው። በቅደም ተከተል ሂዱ፣ በተለይ እርከን 3ን አትዝለሉ።

እርከን 1፦ ቦታ መምረጥ

መጫወቻው ራሱ 23.77 ሜትር በ10.97 ሜትር ነው። ግን ይሄን ብቻ አስባችሁ አጥር ስር እንዳታሰምሩ፣ ኳስ ለማግኘት ወደኋላ መሮጥ አለ፤ ከሁለቱም ጫፍ ኋላ 5 ሜትር ተኩል፣ ግራና ቀኝ ደግሞ 3 ሜትር ትርፍ ይኑር። ሲደመር 35 በ17 ሜትር ገደማ ጠፍጣፋ መሬት ማለት ነው። ወርዱ ካልበቃ የነጠላውን (አንድ ለአንድ የሚጫወቱበትን) ጠባብ ሜዳ (8.23 ሜትር ወርድ) አስምሩ እንጂ ትርፉን አትቁረጡ፣ ሰው ግንብ ላይ የሚላተመው ያ ትርፍ ሲቀነስ ነው።

ብዙ ሰው የትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ሜዳ ያያል። ሲሚንቶው ጥሩ ነው፣ ግን ጠቅላላው 28 በ15 ሜትር ስለሆነ ከጫፍ መስመር ኋላ ሁለት ሜትር ብቻ ነው ሚተርፈው። ከሲሚንቶው ውጪ እኩል የሆነ መሬት ከሌለ እዛ ለመለማመድ እንጂ ለውድድር አይሆንም።

አፈሩን እዩ። ቀይ አፈር ከሆነ ሸጋ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ውሃ በተሞላ በርሜል ሲዳመጥ ይጠጥራል። ዋልካ ከሆነ ተዉት፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ኳሱ እዛ ላይ ሲያርፍ ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ነው ሚያውቀው። ውሃ እንዳይተኛበት መሬቱ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘመም ቢል ችግር የለውም፣ መሃሉ ግን አይጎድጉድ።

ርዝመቱ ሰሜን ደቡብ ይሁን (ስልክ ላይ ኮምፓስ አለ)። ምስራቅ ምዕራብ ካሰመራችሁት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንደኛው ተጫዋች ኳስ ባነሳ ቁጥር ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ናት፣ ከዛ ጭቅጭቅ ነው።

ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ቦታም አይሁን። በህጉ ኳስ መሬት ሳይነካ ቅርንጫፍ፣ አጥር ወይም ቦታው ላይ የተቀመጠ ተመልካች ከመታ መቺው ነጥቡን ያጣል፣ እና ዋርካ ስር ከተጫወታችሁ ግማሹን ነጥብ ዋርካው ነው ሚወስደው።

እርከን 2፦ ዕቃና ኳስ

ያዘጋጁ፦ የ30 ወይ የ50 ሜትር መለኪያ ሁለት፣ የማይለጠጥ ሲባጎ፣ ደርዘን ተኩል ችካል፣ መዶሻ፣ ጄሶ፣ ለመረቡ ሁለት ምሰሶ። የግንበኛ 5 ሜትር አይሆንም፣ እየተቀጣጠለ ሲለካ ስህተቱም አብሮ ይቀጣጠላል።

ራኬት ላይ ብዙ አትጨነቁ። በህጉ ርዝመቱ ከ73.7 ሳንቲም አይለፍ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ከዚህ በታች ነው ሚሆነው።

ኳሱ ላይ ግን ተጨነቁ። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማርቆስ ደግሞ ከ2400 ታልፋለች። ተራው ኳስ ውስጡ በግፊት አየር የታሸገ ነው፣ ከፍታ ላይ የውጪው አየር ስስ ስለሆነ ከልክ በላይ ይነጥራል፣ ሲበርም የሚያዘገየው አየር ስለሚያንስ በትክክል የተመታ ኳስ ሳይቀር ከጫፍ መስመር ያልፋል። ጀማሪው ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። የቴኒስ ህግ ራሱ ከ1219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ሌላ ኳስ ይፈቅዳል፤ አንዱ ለከፍታ ተብሎ ነጠራው የተቀነሰ ነው፣ ሌላው ውስጡ ግፊት የሌለው ሲሆን ይሄኛው ለውድድር ከሆነ ቦታው ላይ ቢያንስ 60 ቀን ቆይቶ አየሩን መልመድ አለበት። ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ ለከፍታ ቦታ መሆኑን አንብቡ።

ካላገኛችሁስ? ለመለማመጃ ቆርቆሮው ተከፍቶ የሰነበተ፣ ትንሽ የደከመ ኳስ ከአዲሱ ይሻላችኋል። ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ከእኩል ከፍታ ልቀቁ፣ አንዱ በግልጽ ካነሰ አንድ ጨዋታ ላይ አትቀላቅሏቸው።

እርከን 3፦ መስመር ማስመር

ቁጥሮቹ እንዲህ የተሰባበሩት መጀመሪያ በጫማ (ፊት) የተወጡ ስለሆኑ ነው። ዊንግፊልድ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ በፈረንጆቹ 1874 ያስመዘገበው ሜዳ ወገቡ ጠበብ ያለ ነበር፣ በ1877 የመጀመሪያው ዊምብልደን ሲደረግ ግን 78 በ27 ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን ሆነ፣ የነጠላ ሜዳ እስካሁንም ያው ነው። መለኪያችሁ ጫማ የሚያሳይ ጎን ካለው በሱ ለኩ፤ ርዝመት 78፣ ለጥንድ (ሁለት ለሁለት) ወርድ 36፣ ለነጠላ 27፣ ከመረብ እስከ ሰርቭ (ነጥቡን የሚከፍተው ምት) መስመር 21። ታሪኩ ይሄ ይበቃናል።

ሁሉም ልኬት እስከ መስመሩ የውጪ ጠርዝ ነው፣ መሃል ላይ ካለው የሰርቭ መስመር በስተቀር።

1. ከመረቡ ጀምሩ። ከጫፍ መስመር ከጀመራችሁ መረቡ መሃል ላይ አይውልም። ሜዳው መሃል ላይ ሲባጎ አግድም ወጥሩና በ10.97 ሜትር ርቀት ሁለት ችካል ትከሉ፤ ግራ ችካል እና ቀኝ ችካል እንበላቸው።

2. በዛው ሲባጎ ላይ ከእያንዳንዱ 1.37 ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ ሌላ ችካል ትከሉ፣ የነጠላ ሜዳው ጎን ነው። መሃሉን ከግራ ችካል 5 ሜትር ከ48 ሳንቲም ተኩል ላይ ምልክት አድርጉ።

3. ከግራና ከቀኝ ችካል ወደ ውጪ 91 ሳንቲም ለኩ፣ የመረቡ ምሰሶ እዛ ይቆማል። ከምሰሶ ምሰሶ 12.80 ሜትር መምጣት አለበት።

4. ጥጉን በሁለት መለኪያ አግኙ። በዓይን ቀጥ አድርጌ እሄዳለሁ የሚል ሰው እዚህ ነው ሚበላሸው። አንዱን መለኪያ ግራ ችካል ላይ፣ ሌላውን ቀኝ ችካል ላይ አስይዙ። የግራውን 11 ሜትር ከ88 ሳንቲም ተኩል፣ የቀኙን 16.17 ሜትር ላይ ያዙና ሁለቱን ወጥራችሁ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ችካል ምቱ። ያ የግራ ጥግ ነው። ከዛ ገልብጡ፤ ከቀኝ 11.885፣ ከግራ 16.17፣ የቀኝ ጥግ።

5. በሁለቱ ጥጎች መካከል ለኩ፣ 10.97 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንዱ መለኪያ ረግቦ ነበር ወይ ሳር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው፣ ድገሙት።

6. በመረቡ ማዶም እንደዚሁ ሁለት ጥግ አውጡ።

7. ሳታሰምሩ አረጋግጡ። ከጥግ ወደ ተቃራኒ ጥግ በሰያፍ ለኩ፣ ሁለቱም ሰያፍ 26.18 ሜትር መሆን አለባቸው። ከሁለት ሳንቲም በላይ ከተለያዩ ሜዳው ዘሟል። አንድ ችካል ብቻ ነቅላችሁ አታስተካክሉ፤ የአንድን ጫፍ ሁለቱንም ችካሎች እኩል ወደ ጎን ግፉ፣ ረጅሙ ሰያፍ በሚያጥርበት አቅጣጫ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አቁሙ።

8. ከመረቡ 6.40 ሜትር ላይ በሁለቱም በኩል የሰርቭ መስመር ሳቡ። ይሄ መስመር ከነጠላው ጎን እስከ ነጠላው ጎን ብቻ ነው፣ እስከ ጥንዱ መስመር አታድርሱት። የሁለቱን የሰርቭ መስመሮች መሃል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር አገናኙ። ጫፍ መስመሮች መሃል ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ 10 ሳንቲም የሆነች አጭር ምልክት አድርጉ።

9. አሁን ጄሶ። ሁለት ጣውላ በ5 ሳንቲም ልዩነት አጋድማችሁ በመካከሉ ንፉና ወደፊት እየጎተታችሁ ቀጥሉ፣ ከሲባጎው በስተውስጥ በኩል። ነፋስ ሲነሳ አትሞክሩ፣ ጧት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጄሶ አጥታችሁ ኖራ ካመጣችሁ ያልጠፋ (ውሃ ያልጠጣ) ኖራ አትንኩ። እጅ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባማ አደጋ ነው፤ ከገባ ቶሎ በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጄሶ ፋንታ ገመድ ወጥረው የሚጫወቱ አሉ፣ እሱም እግር ይጠልፋል፣ ተዉት።

እርከን 4፦ መረብ

የባህር ዛፍ ምሰሶ ይበቃል፣ ግማሽ ሜትር ያህል ተቀብሮ በድንጋይ ይጠቅጠቅ። የመረቡ ከፍታ ምሰሶው ጋ 1.07 ሜትር፣ መሃሉ ላይ 91.4 ሳንቲም ነው። ጣና ዳር ያላችሁ ያረጀ የዓሣ መረብ አጥፋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ግን ኳሱን ይዛችሁ ቀዳዳው ላይ ግፉት፤ ካለፈ እንደገና እጠፉት፣ አለበለዚያ "በላይ ነው ያለፈ" "በቀዳዳ ነው" የሚል አዲስ ክርክር ይከፈታል።

ላዩን በናይለን ገመድ አትወጥሩ፣ ፀሐይ ሲመታው ይረግባል። ሽቦ አድርጉና ጠምዝዛችሁ ወጥሩ፣ ከዛ መሃሉን በጨርቅ ማሰሪያ ወደ መሬት ሳቡት። ልክ 91.4 ሳንቲም የሆነ እንጨት ቆርጣችሁ ምሰሶው ስር አኑሩ፣ ከያንዳንዱ ጨዋታ በፊት መሃሉ ላይ አቁማችሁ እዩ።

የጥንድ መረብ ላይ ነጠላ ስትጫወቱ ከነጠላው ጎን መስመር 91 ሳንቲም ወደ ውጪ ላይ መረቡን 1.07 ሜትር ከፍ የሚያደርግ እንጨት ደግፉ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ያለሱ ጠርዝ ጠርዙ ዝቅ ይላል።

እርከን 5፦ ሰርቭ

ሳንቲም ጣሉ። ያሸነፈ ወይ ሰርቭ/ተቀባይነትን ይመርጣል ወይ ጎን ይመርጣል፣ ሌላኛው የቀረውን ይወስዳል። ሁለቱንም መውሰድ የለም።

1. ከጫፍ መስመር ኋላ፣ ከመሃል ምልክቱ በስተቀኝ ቁሙ። ኳሱን እስክትመቱ እግር መስመሩን አይንካ፤ ከነካ ፉት ፎልት (የእግር ጥፋት) ነው።
2. ኳሱን ወርውራችሁ መሬት ሳይነካ ምቱ፣ በሰያፍ ማዶ ያለው የሰርቭ ሳጥን (ከመረቡ እስከ ሰርቭ መስመሩ፣ ከመሃሉ መስመር እስከ ነጠላው ጎን ያለው) ውስጥ ይረፍ። እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ በራስ በኩል አይነጥርም። ከታች ወደ ላይ መምታትም ይፈቀዳል፣ ለጀማሪ እንደውም እሱ ይሻላል።
3. ካልገባ ሁለተኛ ዕድል አለ፤ እሱም ካልገባ ደብል ፎልት፣ ነጥቡ የተቀባዩ።
4. መረብ ነክቶ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ሌት ይባላል፣ ያው ሰርቭ ብቻ ይደገማል። የመጀመሪያው ሰርቭ ወጥቶ ሁለተኛው ሌት ከሆነ ሁለተኛው ነው ሚደገመው። ቮሊቦል የለመዱ እዚህ ላይ "ይቀጥላል" ይላሉ፣ አይቀጥልም።
5. ወርውራችሁ ካልጣማችሁ ሳትመቱ ያዙት፣ ጥፋት የለውም። ራኬት ወዝውዛችሁ ከሳታችሁ ግን ፎልት ነው።
6. ተቀባዩ ሰርቩን አንዴ ሳይነጥር መምታት አይችልም። ሳይዘጋጅ ከተመታበት ይደገማል፣ ለመመለስ ከሞከረ ግን ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ቀጣዩ ነጥብ ከግራ፣ ከዛ ከቀኝ። ከየት እንደሚመታ ከጠፋችሁ የተጫወታችሁትን ነጥብ ደምሩ፤ ሙሉ (0፣ 2፣ 4) ከሆነ ከቀኝ፣ ጎዶሎ ከሆነ ከግራ። አንድ ጌም ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ነው ሰርቭ ሚያደርገው። በጥንድ አራቱም በተራ ይመታሉ፣ ተራው እስከ ዙሩ (ሴት የሚባለው፣ እርከን 7 ላይ አለ) መጨረሻ አይቀየርም።

እርከን 6፦ ነጥቡ መቼ ይሞታል

ኳስ በእናንተ በኩል ሁለቴ ከነጠረ፣ ከመስመር ውጪ ከመታችሁት፣ መረብ ካላለፈላችሁ ነጥቡ ሄደ። መስመር የነካ ኳስ ገብቷል፣ ትንሽም ቢሆን። በጨዋታ መሃል (ከሰርቭ ውጪ) መረብ ነክቶ ማዶ ከወደቀ ይቀጥላል።

ሰው የማያውቃቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው። ኳሱ ሳይሞት እጃችሁ፣ ልብሳችሁ ወይ ራኬታችሁ መረቡን ከነካ ነጥቡን ታጣላችሁ። ኳሱ ወደናንተ ሳያልፍ ማዶ ተንጠራርታችሁ ከመታችሁም እንዲሁ። ኳሱ ሰውነታችሁን ከነካ፣ ከሜዳው ውጪ ቆማችሁ "ሊወጣ ነበር እኮ" ብትሉም፣ ጠፋባችሁ፤ ይውደቅ፣ ከዛ አውት በሉ።

ላም ወይ ሌላ ኳስ ሜዳ ውስጥ ከገባ ነጥቡ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ሰርቭ ይደገማል።

እርከን 7፦ ቆጠራ

ነጥብ 15፣ 30፣ 40፣ ከዛ ጌም። ሁሌም የሰርቨሩ ነጥብ ይቀድማል። ሰርቨሩ ሁለት አግኝቶ ተቀባዩ አንድ ካለው "30 ለ 15" ነው። 40 እኩል ሲሆን ዲዩስ ይባላል፤ ከዛ በኋላ ሁለት ተከታታይ ነጥብ ያገኘ ጌሙን ይወስዳል። የመጀመሪያዋን ያገኘ አድቫንቴጅ አለው፣ ቀጣዩን ከተሸነፈ ወደ ዲዩስ ይመለሳል። ሃያ ጊዜም ቢመላለስ ህጉ ነው።

6 ጌም በሁለት ልዩነት የቀደመ ዙሩን (ሴት የሚባለውን) ይወስዳል፤ 6 ለ 4 ያበቃል፣ 6 ለ 5 አያበቃም፣ 7 ለ 5 ያበቃል፣ 6 እኩል ከሆነ ታይብሬክ (ዙሩን የሚለይ ልዩ ጌም፣ እርከን 8)። ሁለት ዙር ያሸነፈ ጨዋታውን ወሰደ።

ቆጠራ እንዳይጠፋ ሁለት ነገር አድርጉ፣ ሁለቱም ግዴታ ይሁኑ፦

- ሰርቨሩ ከእያንዳንዱ የመጀመሪያ ሰርቭ በፊት ነጥቡን ጮክ ብሎ ይናገር፣ ማዶ እስኪሰማ። በሆዱ የሚቆጥር ሰርቨር ነው ጥሉን ሚያመጣው።
- ጌም ያሸነፈ ሰው ምሰሶው ስር በራሱ በኩል አንድ ጠጠር ያስቀምጥ። ጠጠር አይከራከርም።

ጎን የሚቀየረው የጌሙ ድምር ጎዶሎ ሲሆን ነው፤ ከ1ኛው፣ ከ3ኛው፣ ከ5ኛው በኋላ። ከ1ኛው ጌም በኋላ እረፍት የለም፣ ሌላው ላይ 90 ሰከንድ፣ ዙር ሲያልቅ 120። በነጥብና በነጥብ መካከል 25 ሰከንድ።

እርከን 8፦ ታይብሬክ

እዚህ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ነው ሚቆጠረው። 7 በሁለት ልዩነት ያገኘ ያሸንፋል፣ 6 እኩል ከሆነ 8 ለ 6፣ 9 ለ 7 እያለ ይሄዳል።

1. ተራው የደረሰው አንድ ሰርቭ ብቻ ይመታል፣ ከቀኝ።
2. ሌላኛው ሁለት ይመታል፣ መጀመሪያ ከግራ ከዛ ከቀኝ። ከዛ በኋላ ሁሉም ሁለት ሁለት።
3. ድምሩ 6፣ 12፣ 18 በሆነ ቁጥር ጎን ቀይሩ።
4. ታይብሬኩን በሰርቭ የጀመረው ሰው የሚቀጥለውን ዙር በተቀባይነት ይጀምራል።

ማን ነበር ሰርቭ ላይ ብላችሁ ከጠፋችሁ ድምሩን እዩ፤ ጎዶሎ ላይ በደረሰ ቁጥር ሰርቨር ይቀየራል።

ክርክር ከተነሳ

ዳኛ ከሌለ እያንዳንዱ በራሱ በኩል ያረፈውን ኳስ ራሱ ይወስናል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ገብቷል ማለት ነው፣ ጥርጣሬ ለተቃራኒው ነው ሚሄደው፣ "አላየሁትም ይደገም" የሚባል የለም። አፈር ሜዳ ላይ ያረፈበት ምልክት ይቀራል፣ ጠያቂው እንዲያይ አሳዩት፤ ሳይታይ በእግሩ ያጠፋው ሰው ነጥቡን አሳልፎ ሰጠ። ጥላ ስር የተቀመጡትን አትጠይቁ። እነሱ ሳይጠየቁም ይመልሳሉ፣ ግን አይቆጠርም።

ነጥብ ላይ ካልተስማማችሁ ወደ ዜሮ አትመለሱ። የተስማማችሁበት ሁሉ ይጸናል፣ ያልተስማማችሁበት ብቻ ይወጣል። አንዱ 40 ለ 30፣ ሌላው 30 ለ 40 ካለና የሚለያያችሁ የመጀመሪያዋ ነጥብ ብቻ ከሆነች ከ30 እኩል ቀጥሉ። ጌም ላይም ያው ነው፤ 4 ለ 3 ነው 3 ለ 4 ነው ከሆነ ከ3 እኩል።

ከተሳሳተ ጎን ሰርቭ ከተመታ የተገኘው ነጥብ ይያዛል፣ እንዳወቃችሁ ወደ ትክክለኛው ጎን ተመለሱ። ተራው ያልሆነ ሰው ሰርቭ ካደረገም ያለፈው ነጥብ ይያዝና ባለተራው ይቀጥላል፤ ጌሙ ካለቀ በኋላ ካወቃችሁ ግን ተራው እንደተቀየረ ይቀራል።

ሊመሽ ሲል

ከ10 ሰዓት በኋላ ጀምራችሁ ሶስት ዙር ሳይመሽ አያልቅም። ሳትጀምሩ ተስማሙ፤ ዲዩስ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ይጫወት (ተቀባዩ ከቀኝ ወይ ከግራ መቀበሉን ይመርጣል)፣ አንድ አንድ ዙር ከተካፈላችሁ ደግሞ በሶስተኛው ዙር ፋንታ እስከ 10 የሚሄድ ታይብሬክ ይሁን፣ እሱም በሁለት ልዩነት። ሁለቱም በህጉ የተፈቀዱ ናቸው። መሃል ላይ ተነስቶ "በዚህ ይብቃ" ማለት ግን የሚመራው ሰው ብቻ ነው ሚስማማበት።